እምነት ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ፦ በጥብቅ ሃይማኖተኛ ቤት ላደጉ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ትራንስ ልጆች

ጅማ ውስጥ ሃይማኖት የማይነካው ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሕርማታ ይሁን ቆጪ፣ ጎህ ሳይቀድ አዛኑ ይሰማል። ከዚያ ቅዳሴው ይቀጥላል። እሁድ ረፋድ ላይ ደግሞ የቸርቹ መዝሙር አለ። ሰዉ ተዋድዶ ይኖራል። ልቅሶ ሲሆን የሟቹ ሃይማኖት ሳይጠየቅ ጎረቤቱ ሁሉ ይደርሳል። በዚህ እኮራለሁ።

በዚያው ሰፈር ግን ስለ ራሱ ትንፍሽ ሳይል የሚያድግ ልጅ አለ። ወንድ ሆኖ ወንድ ይወዳል። ወይም ሴት ሆና ሴት ትወዳለች። ወይም ሲወለድ በተባለለት ፆታ ውስጥ ራሱን አያገኝም። ሼኹ፣ ቄሱና ፓስተሩ በብዙ ነገር ይለያያሉ። በዚህ ልጅ ጉዳይ ግን የሚሉት አንድ ነው። ልጁ ወዴት ይሂድ?

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። አሁን አድጎ ሃያ አምስት ወይም አርባ ዓመት ሞልቶት ይሆናል። ለእህቱና ለእናቱም ጭምር ነው። የሥነ መለኮት ክርክር ልፈታ አልተነሳሁም። ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በልጅነት የገባ ፍርሃትና እምነት አብረው ተገምደው ያድጋሉ። ልጁ ሲያድግ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ፍርሃቱን ሲሸሽ አምላኩን የሸሸ ይመስለዋል፤ አምላኩን ሲፈልግ ፍርሃቱ ተከትሎት ይመጣል። ከቁስሉ መዳን የሚጀምረው ሁለቱን መለየት ሲቻል ነው። ይቻላልም።

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለባቸው ነገሮች አሉ። ለተመሳሳይ ፆታ መሳብ በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 አወጣው። ትራንስ መሆንንም በ2019 ባጸደቀው አዲስ የበሽታዎች መዝገብ ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አንስቶታል። ይህ በአንድ ቀን የመጣ ውሳኔ አይደለም። ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመችው ጥናት 30 ጌይ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በሥነ ልቦና ፈተና አወዳደረች። ውጤቱን ስም ሳይጻፍበት ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያዎቹ የቱ የጌይ፣ የቱ የሌላው እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

ሕጉ ደግሞ ሌላ ነው፤ መደበቅ አይገባም። አገራችን ውስጥ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። ሕጉ የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው። ለሐኪም "እንዲህ ይሰማኛል" ብሎ መናገርን ወንጀል አያደርግም። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁስሉ በየት በኩል ይገባል?

ትራውማ፣ ማለትም ከባድ ነገር አእምሮና ሰውነት ላይ ትቶት የሚሄደው ቁስል፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጦርነትን፣ የመኪና አደጋን ወይም ድብደባን ነው። እነዚህ ልጆች ጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመታቸው ሰው የለም። እንዲያውም የተወደዱ ልጆች ናቸው። ቁስሉ የገባው በዚያው በመወደዱ በኩል ነው። ለዚህ ነው ለመግለጽ የሚያስቸግረው።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ያደገው ጸሎተኛ በሆነ የጴንጤ ቤት ነው። ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ይጸልያል። አባቱ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ይባርካል። እሱ ያንን ሰዓት ይወደው ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ስለ ሰዶምና ገሞራ ሰበከ። ስለ እሳቱ፣ ስለ ዲኑ፣ አሁንም በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ምክንያት በአገር ላይ ስለሚመጣው ቁጣ ተናገረ። ልጁ ያኔ ስለ ራሱ በቅጡ አያውቅም፤ ብቻ የሆነ ነገር ልቡ ጠርጥሯል። ዛሬ ከስብከቱ ብዙውን ረስቶታል። ያልረሳው እናቱ ከጎኑ ሆና "አሜን!" ያለችውን ነው። ድምፅዋ፣ የጋቢዋ ጠረን፣ በዚያው ቅጽበት ጸጉሩን ትዳስሰው የነበረው እጇ፣ ሁሉም አለ።

ያ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተማረ። "እወድሃለሁ" የሚለውንና "ብታወቅ ትቃጠላለህ" የሚለውን ከአንድ እጅ ተቀበለ።

ለልጅ የወላጅ ፍቅር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ያለ እነሱ መብላት አይችልም፤ መተኛት አይችልም። ስለዚህ "ይህን ቢያውቁ ይተዉኛል" የሚል ሐሳብ ልጁ ሰውነት ውስጥ የሚመዘገበው እንደ ሞት አደጋ ነው። በዚህ ላይ የአምላክ ጉዳይ ይጨመራል። ከሚማታ አባት ጓሮ መደበቅ ይቻላል። አባትየው ሲተኛም እረፍት ይገኛል። ልብን ከሚያይ አምላክ ግን የሚደበቁበት ጓሮ የለም። ልጁ ስለዚህ የራሱ ዘበኛ ይሆናል። ሐሳቡን ይፈትሻል። ሕልሙን ሳይቀር ይፈትሻል። ማንን ስንት ሰኮንድ እንዳየ ይቆጥራል።

ሌላ የማውቃት ልጅ ደግሞ ቁርአን ቤት ጎበዝ የምትባል ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ የክፍል ጓደኛዋን ባሰበች ቁጥር ዉዱእ (ለሶላት የሚደረገው ትጥበት) የፈረሰባት እየመሰላት እንደገና ትታጠባለች። ሌሎቹ ሰግደው ሲጨርሱ እሷ ገና ውኃው ጋ ነች። ክርኗ እስኪላጥ ድረስ ታጠበች። ቤተሰቡ ወስዋስ (የሰይጣን ጉትጎታ) ነው አለ። ሐኪም ቢያያት ኖሮ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ የተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት ሕመም ሊል ይችል ነበር። የሚታከም ነገር ነው። ማንም ግን የጠየቃት የለም፤ ሃይማኖተኛ መስላ ነበርና ተመሰገነች።

አእምሮ ተቀብሎ ሰውነት ለምን ይንቀጠቀጣል?

ብዙዎቹ ሲያድጉ ያነባሉ፣ ያስባሉ፣ ከሰው ይነጋገራሉ። "እግዜር ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ፤ ክፉ ሰው አይደለሁም" እስከማለት ይደርሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሰውነታቸው ይከዳቸዋል።

ያ የነገርኳችሁ ሰው ከመርካቶ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። ሹፌሩ ስብከት ከፍቷል። ስብከቱ ስለ አሥራት ነው፤ ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሰባኪው ግን ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀመረ። የሰውየው እጅ ላበው። ሆዱ ተኮማተረ። ጆሮው ጭው አለ። "ወራጅ አለ" ብሎ ሰፈሩ ሳይደርስ ወረደና በዝናብ በእግሩ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ያለቀሰው ከንዴት ነው። "ይሄን ነገር ጨርሻለሁ ብዬ ነበር እኮ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሥራው አደጋን መጠበቅ ነው። ማሰብ የሚችለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ነገሩን አመዛዝኖ ሳይጨርስ አሚግዳላ ቀድሞ ለሰውነት ትእዛዝ ይሰጣል። አድሬናሊን ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የሆድ ሥራ ይቀንሳል። ይህ ክፍል ክርክር አይገባውም። የሚያውቀው ምልክት ነው፦ የድምፅ ቃና፣ የዕጣን ሽታ፣ የማይክሮፎን ጩኸት፣ የተወሰነ ዜማ። አባቶች "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጡ እባብ እንዳልሆነ ሰውየው ያውቃል። እግሩ ግን አስቀድሞ ዘሏል።

ስለዚህ ሰውነታችሁ ሲንቀጠቀጥ እምነታችሁ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የተቀበላችሁት ነገር ውሸት ነው ማለትም አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አምላክ እየወቀሳችሁ ነው ማለት አይደለም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ ሰው ያንን መንቀጥቀጥ "የሕሊና ድምፅ" ወይም "የመንፈስ ወቀሳ" ብሎ ይተረጉመዋልና ነው። ሕሊና ሲወቅስ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ያደረጋችሁትን ያሳያችኋል፦ ሰው በድላችኋል፣ ዋሽታችኋል፣ አስተካክሉት። የቁስል ፍርሃት ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናንተ ራሳችሁ ጥፋት ናችሁ። መውጫም አያሳይም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ መዝገብ ረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ማምለጫ ከሌለው አደጋ የሚመጣን ቁስል "ውስብስብ" የድኅረ ትራውማ ሕመም ብሎ ለብቻው መዝግቦታል። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ተመልሶ መምጣቱ፣ የሚያስታውሱ ነገሮችን መሸሽና ሁልጊዜ አደጋ አለ ብሎ መንቃት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ውስብስቡ በዚህ ላይ ስሜትን መቆጣጠር ማቃትን፣ ራስን እንደ ከንቱ ማየትንና ሰውን መቅረብ መቸገርን ይጨምራል። ማርሊን ዊኔል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በሃይማኖት በኩል ለሚመጣው ቁስል የራሱ ስም ሰጥተውታል። እሱ በሕክምና መዝገብ የገባ አይደለም። ግን ብዙ ሰው "እኔ ላይ የሆነው ይሄ ነው" እንዲል ረድቶታል። በዚህ መንገድ ያደገ ሁሉ ታሟል ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው።

ከልጅነቱ ቁስል ሌላ የየዕለቱ ጫና አለ። ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ጭንቀትና ድብርት የሚበዛው በማንነታቸው የተነሳ አይደለም። የሚያደክማቸው መገለሉ፣ መገለልን መጠበቁ፣ መደበቁና የሰዎችን ጥላቻ ወደ ራስ ማስገባቱ ነው። ጅማ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚታወቅበት ከተማ ነው። ቡና ላይ "መቼ ነው የምንበላው?" ይባላል። ሠርግ መጣ፣ ኢድ መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ ጥያቄው ያው ነው። ሆድ ይፍጀው እየተባለ ይኖራል። ሆድም በእርግጥ ይፈጃል፤ ጨጓራ ነው እየተባለ ለዓመታት መድኃኒት የሚወስዱ አሉ።

ለመለወጥ የሚደረገው ሙከራ

እኛ ጋ መጀመሪያ የሚሞከረው መንፈሳዊ መፍትሔ ነው። ኦርቶዶክሱ ጸበል ይወሰዳል። ሙስሊሙ ሩቅያ ይቀራበታል። ጴንጤው ነፃ የማውጣት ጸሎት ይጸለይለታል። ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ልጁን ከእሳት የሚያወጣ መስሎት ነው። ልጁም ራሱ ለምኖ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? ለሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ወር የቀለለው ይመስላል። ስሜቱ ሲመለስ አሁን ሁለት ሸክም ይሆናል፦ የድሮው ስሜትና "እግዜር እንኳን ሊያድነኝ አልፈለገም" የሚል አዲስ ተስፋ መቁረጥ።

ይህ በውጭም ተሞክሯል። ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ለ37 ዓመታት "ከጌይነት ነፃ እናወጣለን" ሲል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ አለን ቻምበርስ ለተጎዱት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ስፒትዘርም "አንዳንዶች መለወጥ ይችላሉ" ያለበትን የ2003 ጥናቱን በ2012 ስሕተት ነበር ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ጥናቶቹን መርምሮ ሙከራዎቹ እንደሚሠሩ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉም ደምድሟል።

ጸበልን ወይም ዱዓን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። በራሱ ፈቃድ፣ ለመጽናናት፣ ሰላም ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሰላም ሊያገኝ ይችላል። ያንን ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ታስሮ፣ ተይዞ፣ ተገርፎ "ጋኔኑ ይውጣ" የሚባልበት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ አዲስ ቁስል ነው።

ትዳርም እንደ መድኃኒት ይታዘዛል። "አግባ፣ ይተውሃል።" እዚህ ላይ ማንም የማያነሳት አንዲት ሴት አለች። ባሏ ለምን እንደማይቀርባት ሳታውቅ ራሷን አስቀያሚ ነኝ ብላ የምትኖር ሚስት። የእሷም ዕድሜ ዕድሜ ነው። የልጁን ነፍስ ለማዳን ተብሎ የሷ ሕይወት መከፈል የለበትም።

ከእምነት ጋር እንዴት ይታረቃሉ?

አንድ መንገድ የለም። የማውቃቸው ሰዎች በአራት አምስት አቅጣጫ ሄደዋል።

አንዳንዶች ሃይማኖቱን ትተዋል፤ ትተውም ቀልሏቸዋል። ቢሆንም ናፍቆቱ አይቀርም። የሕማማትን ሰሞን፣ የረመዳንን ማፍጠሪያ፣ በአንድ ድምፅ መዘመርን ይናፍቃሉ። ይህ ሐዘን ነው፤ እንደ ሐዘን ሊለቀስ ይገባዋል። አንዳንዶች በጉባኤው ውስጥ ዝም ብለው ቀርተዋል። ሌሎች ጾሙንና ጸሎቱን ይዘው ሰባኪውን ትተዋል። አንዲት እህት ቤተ ክርስቲያን ሰው በሌለበት በሥራ ቀን ከሰዓት ትሄዳለች። ዛፉ ሥር ተቀምጣ ዳዊቷን ደግማ ትመለሳለች። እሁድ አትሄድም። የሚያንቃት ማይክሮፎኑ እንጂ ዳዊቱ እንዳልሆነ ያወቀችው ቀስ በቀስ ነው።

እምነትና ፍርሃት መለየት ስል ይህን ማለቴ ነው። ሥራው ትንሽና ተጨባጭ ነው። የትኛው ጸሎት ትንፋሻችሁን ይሰበስበዋል? የትኛው ያሳጥረዋል? የሚያሳጥረውን ለጊዜው አስቀምጡት። ለዘላለም ጣሉት አላልኩም። ያቺ ዉዱእ ስትደጋግም የነበረችው ልጅ ለረጅም ጊዜ መስገድ አቁማ ነበር። ስትመለስ ፋቲሐን ብቻ፣ በቀስታ፣ እየገባት መቅራት ጀመረች። ታጥባ አንዴ ከጨረሰች አትመለስም። ያንን ለራሷ እንደ ደንብ ያዘችው።

አምላክ ላይ መቆጣትም ይመጣል። ብዙዎች ይህ ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ይህን ያውቀዋል፤ "እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" የሚል ልመና መዝሙሩ ውስጥ አለ። ኢዮብም እግዜርን ተሟግቶታል። የቆሰለ ሰው ጩኸት ከጸሎት ውጭ አይደለም።

መጽሐፉን እንደገና የሚያነቡም አሉ። ለምሳሌ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 ላይ የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር የሚያነሳው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ድሀን አለመርዳትን ነው። ሚዛናዊ ለመሆን፣ የሚቀጥለው ቁጥር ስለ "ርኩሰትም" ያነሳል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ነው። የአገራችን ኦርቶዶክስ፣ እስልምና፣ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ተቋማት አቋማቸው አንድ ነው፤ ኃጢአት ነው ይላሉ። ነገ ይለወጣል ብዬ ማንንም አላጽናናም። ግን በአፍሪካ ሌላ ድምፅ የለም ማለትም ትክክል አይደለም። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ኬፕታውን ላይ፣ እነዚህን ሰዎች የሚጠላ ገነት ቢኖር አልገባም ብለዋል። ናይጄሪያዊው ቄስ ጂዴ ማኮሌ በ2006 ሌጎስ ውስጥ ለጌይ ክርስቲያኖች ጉባኤ ከፍቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ኢማም ሙህሲን ሄንድሪክስ ጌይ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ለዓመታት ሙስሊሞችን አገልግሏል፤ በየካቲት 2025 በጥይት ተገደለ። የከፈለውን ዋጋ ሳልጠቅስ ስሙን ብቻ ማንሳት አልፈለግሁም።

ከቁስሉ መዳን

የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ከትራውማ መዳንን በሦስት ደረጃ አስቀምጣዋለች፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ወደ ሕይወትና ወደ ሰው መመለስ። ቅደም ተከተሉ ለእኛ በጣም ያስፈልገናል። ኢንተርኔት ላይ "ውጡ፣ ለሁሉም ተናገሩ" የሚል ምክር ይበዛል። ያ ምክር የተጻፈው ለሌላ አገር ነው። ጅማ ውስጥ በወላጅ ቤት፣ በወላጅ ገንዘብ የሚኖር ሰው የመናገር ግዴታ የለበትም። አለመናገር ውሸታምነት አይደለም። መጀመሪያ የራሳችሁ ገቢ፣ የራሳችሁ በር፣ ቢከፋ የምታድሩበት አንድ ቤት ይኑር። ስልካችሁን ቆልፉ። የምትነግሩት ሰው አንድ ይሁን፤ ያም ሰው የሌላ ሰው ምስጢር ወደ እናንተ አምጥቶ የማያውቅ ይሁን።

ፍርሃቱ ድንገት ሲመጣ ከአሚግዳላ ጋር አትከራከሩ። ሰውነትን በሰውነት መልሱት። እግራችሁን መሬት ላይ በደንብ አሳርፉ። የምታዩትን አምስት ነገር በስም ጥሩ። ትንፋሽ ስታወጡ ስታስገቡት ከነበረው አስረዝሙት፤ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት የልብ ምትን ያዘገየዋል። ትኩስ ስኒ በእጅ መያዝ ይረዳል። ቀኑን ለራሳችሁ ንገሩ፦ ዓመተ ምሕረቱ ይህ ነው፤ ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው፤ ያ ሳሎን ውስጥ አይደለሁም።

መጻፍም ይረዳል። ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በጣም ስለከበዳቸው ነገር በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ቀናት እንዲጽፉ አደረገ። በቀጣዮቹ ወራት እነዚህ ተማሪዎች ሐኪም ጋ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። እናንተ ግን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቅደዱት ወይም አቃጥሉት። ጥቅሙ ከመጻፉ ነው፤ ወረቀቱ መቀመጥ የለበትም። መጻፉ ራሱ ካናወጣችሁም አቁሙ፤ ደኅንነቱ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

ሕክምናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትራውማ ከሚመክራቸው አንዱ ትራውማ ላይ ያተኮረ የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን መናገር አይጠበቅባችሁም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ "ከልጅነቴ ጀምሮ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ከባድ ፍርሃት አለብኝ። እንቅልፍ አይወስደኝም። ራሴን እጠላለሁ።" በዚህ ብቻ ለጭንቀትና ለድብርት ሕክምና መጀመር ይቻላል። ሐኪሙ ስለ ሌላ ታካሚ እንዴት እንደሚያወራ አዳምጡ፣ ፊቱን እዩ፣ ከዚያ ወስኑ። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣል፤ ሐኪሞችንም የሃይማኖት አገልጋዮችንም ይመለከታል። ሕግ አለ ማለት ሁሉም ያከብረዋል ማለት ስላልሆነ ግን አትቸኩሉ። "ልለውጥህ እችላለሁ" የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ።

የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ በተለይ እንዴትና መቼ የሚለው ከታሰበ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለምን እንደመጣባችሁ መዘርዘር አያስፈልግም። "ራሴን እንዳላጠፋ ፈርቻለሁ" ማለት ይበቃል። ገመድ፣ ፀረ ተባይ መርዝና የተጠራቀመ መድኃኒት ያለበት ቤት ብቻችሁን አትደሩ።

ለእናት፣ ለአባት፣ ለእህት፣ ለወንድም

ካትሊን ራያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ በጉርምስና ዕድሜያቸው ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ወጣቶች ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራስን የማጥፋት ሙከራ ያደረጉት በ8.4 እጥፍ መጠን ነው። ስድብ፣ ከቤት ማባረር፣ ከጓደኛ መለየትና "እግዜር ይቀጣሃል" ማለት ሁሉ ከመግፋት ተቆጥሯል።

ልጃችሁ ከነገራችሁ መጀመሪያ ደንግጣችሁ ይሆናል። መደንገጥ ያለ ነው። እምነታችሁን በአንድ ሌሊት ለውጡ የሚላችሁም የለም። በዚያ ሌሊት የሚጠበቅባችሁ ትንሽ ነው። ልጁን ከቤት አታስወጡ። ለአጎት፣ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት ወይም ለኡስታዝ አትንገሩ፤ ምስጢሩ የእሱ ነው። ስልኩን አትቀሙት። የትም አትውሰዱት። እራት ቀርቦ ከሆነ አብራችሁ ብሉ፤ ስትጸልዩለትም እንደ ወትሮው በስሙ ጥሩት። በማግስቱ "ማን ነገረህ? ማን አበላሸህ?" ከማለት "ከመቼ ጀምሮ ብቻህን ይዘኸው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ እሱ እስኪጨርስ አዳምጡ።